የሰዓት ሠሪው ሁለተኛ ወንበር

ሰዓት ሠሪው በስተርጅና የውጭ አገር ሴት ሊያገባ ነው ተባለ። ወሬውን ያመጣችው ከሥሩ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ማስረጃዋም ሁለት ነበር፤ ሰውዬው አዲስ ወንበር ገዝቶ አስገብቷል፣ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ብቻውን እንግሊዝኛ ሲያወራ ተሰምቷል። እኔም ወሬ ባዶ እጁን መሸኘት አልወድምና ሙሽሪትን ረጅም አደረግኳት።

ሙሽራ የሚባል ነገር የለም። የቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛ አብረን ስለምንማር አውቃለሁ።

ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ሰዓት ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሱቁም ጭር ብሏል። ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ሰዓቶች በየጠዋቱ እየዞረ ይሞላቸዋል፤ ቢያንስ እነሱ ድምፅ አላቸው ይላል። ትምህርቱን የወደደውም መምህርቷ ተማሪን ሳታናግር ስለማታልፍ ነው። አንድ ቃል ሰጥታን በሳምንቱ እያንዳንዳችን ከራሳችን ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ ታዛለች። ሌሎቻችን ተራችን እንዳይደርስ አንዱ ከሌላው ጀርባ ስንሸጎጥ፣ እሱ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ያን ሳምንት የሰጠችን «ድሮፕ ባይ» የሚለውን ነበር። የፊተኛውን ቃል ለብቻው ብትፈቱት መጣል ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን የሚወድቅ ነገር የለም አለች። ሳይጠሩ፣ ቀጠሮ ሳይዙ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ቤት ብቅ ማለት ነው። ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ አይሆንም።

ሰዓት ሠሪው እጁን አወጣ። «ለአምስት ደቂቃም ይሆናል?»

«እንዲያውም ለእሱ ነው የሚሻለው፣ አባባ።»

ወንበሩ የተገዛው በማግስቱ ነው። እስከዚያ ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ተራው ሲደርስ የኮቱን ቁልፎች ቆልፎ ተነሣ። ሲለማመደው የከረመውን በእንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ ተወጣው፤ ቤቴ ከሱቄ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በግራ በኩል ያለው በር፣ በዚያ ስታልፉ ድሮፕ ባይ በሉ።

መምህርቷ በጣም ተደሰተች። አንድም ስህተት የለውም ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። እኛም ፎቁንም በሩንም ሳናስቀር ደብተራችን ላይ ገለበጥነው፤ እኔማ ከሥሩ አሰመርኩበት። ከዚያ ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።

ትምህርቱ አልቆ ደብተራችንን ስንሰበስብ፣ ሰዓት ሠሪው ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ እንዲህ አለ፦

«እሁድ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።»