የዱዓውን ጫት የበላው ድንክ ፈረስ

እናቴ ሰው ቤት ልትሠራ ጅዳ ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ ትታኝ ሄደች። አጎቴ ጋሪ ነጂ ነው፤ ሚስት የለውም። ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ደክሞት ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።

ፈረስ ግን ነበር። ያድጋል ተብሎ ተገዝቶ ቁመቱ እንቢ ያለ ድንክ። ለጋሪ አይሆንም፤ ለተንኮል ግን ማን እንደሱ። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ፣ አልክድም። ዳቦ በፌስታል ቋጥሬ ጀርባዬ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ እሱ ቀስ ብሎ መጥቶ በጥርሱ ይመነትፈኛል። በሳቅ እሞታለሁ። በዚያ ቤት የምስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

እናቴ ስትደውል «ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ትለኛለች። «ከፈረሱ» እላታለሁ።

አንድ ሐሙስ እቤታችን ዱዓ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ወጣ ሲሉ ያ ቀማኛ ገብቶ ገና ያልተመረቀበትን ጫት ሙልጭ አድርጎ በላው። አጎቴ አለንጋውን አነሳ፤ ነገ ገበያ አውጥቼ ካልሸጥኩት አለ። ዱዓውን የሚመሩት ሸህ እጁን ያዙት።

«ዱዓ ላይ የተገኘ እንግዳ ነው። እንግዳ አይመታም፣ አይሸጥምም» አሉና መዳፋቸውን ዘርግተው ፈረሱን መረቁት። ከሁሉ በላይ «አሚን» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

እናቴ በሄደች ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ መጣ። አገሩ ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ አጎቴም ፍራሽና እህል ጭኖ እኔን ከላይ አስቀመጠኝ። ድንኩን «ይቅር» አለ። እሪ ብዬ አለቀስኩ። ሲመረው ከጋሪው ኋላ አሰረልኝ፤ «ሰው ካስቸገረ ግን ገመዱን እቆርጠዋለሁ» ብሎ።

መንገዱ ተጨናንቋል። ልጅ ያዘለች ሴት ዳቦዋን በፌስታል አንጠልጥላ ከኋላችን ትሄዳለች። ምን እንደሚመጣ ከማንም በፊት ገባኝ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር። ድንኩ ፌስታሉን መንትፎ ዳቦውን አፈር ላይ በተነው።

ሴትዮዋ አልተሳደበችም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጎቴ ከኛ ዳቦ አንስቶ ሰጣትና ቢላዋውን አወጣ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ማለት ነበረብኝ። እንዳይመታኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ገመዱ ሲቆረጥለት ጨዋታ መስሎት ወደ ማሳው ፈረጠጠ፤ ከዚያ ቆም ብሎ እየተከተልኩት እንደሆን ዞር ብሎ አየ። ጋሪው ሄደ።

ጦርነቱ በርዶ ወደ ሐይቅ ስንመለስ ፈለግኩት። እስከ አርዲቦ ሐይቅ መንገድ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። ልጁ የሞተበት ሰው ስለ ፈረስ ምን ይመልስልኛል።

እናቴ ከተመለስን በዓመቱ ከጅዳ መጣች። በር ላይ አቅፋኝ ሳለ ለቅሶዬ ፈነዳ።

«አብሽሪ፣ መጥቻለሁ። ይህን ያህል ናፍቄሽ ነው?» አለችኝ።

መልኳን እንኳ ረስቼው ነበር። የማለቅሰው ለፈረሱ ነው።

«አዎ» አልኳት፤ እሷም አለቀሰች።