በዝግ መስኮት የሚከበር ልደት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ልደቷ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከበር የማይታወቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟ ዘነበች ነው። ስሙ የወጣላት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማው ለሁለት በተከፈለ በነሐሴ ቀን ስለተወለደች ነው። አዋላጇ ወንዙን መሻገር አቅቷት፣ እትብቷን የቆረጠችው እናቴ ናት። ስለዚህ ልጅቷ መቼ እንደተወለደች ለግቢያችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ ልደቷ ጥር ላይ ይከበራል፣ ሚያዝያ ላይ ይደገማል፣ ሰኔ ሲገባ እንደገና ሻማ ይበራል። እኛም አንድም ቀን «እንዴት ነው ነገሩ?» ሳንል ሄደን ቶርታችንን እንበላለን።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ፎቅ ወጥቶበታል። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይቆማል፤ ቀይ አበባቸውን አስፋልቱ ላይ የሚያራግፉት ዛፎች፣ ለገሃር በኩል የሚሰማው የባቡር ጩኸት፣ በየበረንዳው ሽርጡን ሸብ አድርጎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይመጣብኛል። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው፣ አንቺ ነው። ፍቅሩም ጠቡም እንደዚያው ፊት ለፊት ነበር።

የዘነበች እናት በለጠች ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ሣህሉ የምድር ባቡር መካኒክ ነው። ሁለቱም ያኔ ሰው እንደ ስድብ በሚጠራት ቃል «ጴንጤ» ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌ መወያያ አዳራሽ ከሆነ ቆይቷል፤ ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሦስት አራት ሆኖ ቤት ውስጥ መጸለይ ያሳስራል። የልጅ ልደት ግን ማንም አልከለከለም። በለጠችም ይቺን ቀዳዳ አገኘች። ወንድሞችና እኅቶች ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኟትን ስኳር እያዋጡ፣ የዘነበች ልደት በየሁለት ሦስት ወሩ ይከበር ጀመር።

ሥርዓቱን በቃሌ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሻማ ይጠፋል፣ «መልካም ልደት» ይባላል፣ ቶርታ ይቆረጣል። ቀጥሎ መስኮቱ ይዘጋል። እንግዲህ በድሬ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮት ዘግቶ ልደት! ከዚያ አንዷ እኅት የበለጠችን የስፌት መኪና ባዶውን ትረግጠዋለች፤ ጨርቅ የለው ክር የለው፣ ድምፁ ብቻ ነው የተፈለገው። በመኪናው ጩኸት ሥር መዝሙራቸውን በለሆሳስ ይዘምራሉ።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ አፈ ጮሌ ነበርኩ። እኛ ቤት ሚካኤልን ነው የምንሳለመው፣ የእነሱ ነገር ብዙም አይገባኝም። አንድ ቀን ግን ቶርታው ሲያልቅ ከሚወጡት የግቢው ልጆች ጋር ሳልወጣ ውስጥ ቀረሁ። አንዱ ከሥራው የተባረረ ነው፤ አንዷ ወንድሟ የት እንደገባ አታውቅም። እንባቸው በላብ ተቀላቅሎ ይወርዳል፣ ፊታቸው ግን ሠርግ ቤት ያለ ሰው ፊት ነው። ግራ ገባኝ። ሲበተኑ በለጠችን ያዝኳት።

«ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የምትደሰቱት?» አልኳት።

«ማን ተደሰተ አለሽ?» አለችኝ የቶርታውን ሳህን እያጠበች። «ደስታማ እንደ ጅቡቲ ባቡር ነው። ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ጣቢያ አስቀምጦሽ ይቀራል። እኛ የያዝነው ሐሴት ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ትንሽ አሰበችና፣ «እሱን ገና አልተፈተንኩበትም» ብላ ሳቀች።

እንግዲህ ነገሩን ያፈረሰው ሰላይ አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። ራሷ ዘነበች ናት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገብረወልድ ለሴት ልጁ ልደት ሲያዘጋጅ ቀሚሷን ያሰፋው በለጠች ዘንድ ነበር፤ ዘነበችንም ጠራት። ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከቤታቸው ውጪ ልደት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ቶርታው ተቆረጠ። ልጆቹ ሊሯሯጡ ሲነሡ ዘነበች ወንበር ጎትታ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ የሚያውቁትን እንደምታስታውሳቸው ሁሉ፣ «አሁን ዋናውን መዝሙር እንዘምር!» አለች። ዓይኗን ጨፍና ጀመረችው።

 ለካ ልጅቷ ልደት ማለት እንደዚያ ይመስላታል! የዓለም ልጅ ሁሉ ሻማ ካጠፋ በኋላ መስኮት ዘግቶ ስለ ኢየሱስ የሚዘምር ይመስላታል። ስትጨርስ ገብረወልድ ራሷን ዳበስ አደረጋትና ሌላ ቶርታ ጨመረላት።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ሣህሉን ከሥራው ወሰዱት።

በለጠች ቀበሌ ሄዳ ደጅ ጠናች። ገብረወልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላይ የሚፈራው ብዙ፣ ከበታች የሚፈሩት ብዙ የሆነ ሰው ነበር። «ስሚ በለጠች፣» አላት፣ «እናንተ ቤት ያለው ልደት ብቻ ነው ካልሽ እኔም ነገር አልወድም። የልጅሽ እውነተኛ ልደት ነሐሴ ነው አሉ። ራሴ እመጣለሁ። ልደት ብቻ ካየሁ ሣህሉ በማግሥቱ ቤቱ ይገባል።»

ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የአንድ ሰው መፈታት በአንድ ቶርታ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ያለ ቶርታ እንደሚጋገር አስቡት! እናቴ ለፍልሰታ ፍቺ የደበቀችውን ስኳር አወጣች። በጅቡቲ ባቡር የመጣ ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታችን ፋዱማ ቢጫ ሐር የመሰለ ጨርቅና አንድ ከረጢት ፊኛ ይዛ መጣች። «ክፈዪ የሚልሽ የለም አባዮ፣ እኅቴ፣ ስፊ!» አለቻት በለጠችን። ወንድሞችና እኅቶች ድርሽ እንዳይሉ ተነገራቸው። የስፌት መኪናው ተሸፈነ። በለጠች ዘነበችን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ዛሬ ያ መዝሙር እንደማይዘመር፣ የኢየሱስም ስም እንደማይነሣ ስታስጠናት ሰማሁ።

«ለምን?» አለች ልጅቷ።

«ከተዘመረ አባዬ አይመጣም።»

ዘነበች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በለጠች ያን ስታይ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች።

ቀኑ ደረሰ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያማረ ልደት ከዚራ አላየችም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፊኛው በየጥጉ ተንጠልጥሏል፣ ዘነበች በቢጫ ቀሚሷ አምራለች። ገብረወልድ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ፤ ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሳህናቸውን ተቀበሉ። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ። ዘነበች ቃሏን ጠበቀች። ሌሎቹ ልጆች ሲጮኹ እሷ ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች፤ ቶርታውንም አልነካችው።

ገብረወልድ በልቶ ጠጥቶ ፊቱ ሲፈታ ሁላችንም ትንፋሽ አገኘን። ሊነሣ ሲል ግን ወደ በለጠች ዞረ።

«በይ እንግዲህ፣ እነዚህን ያያችሁትን መስክሩ እላቸዋለሁ» አለ ጠባቂዎቹን በዓይኑ እያሳየ። «ልጅሽ እኔ ቤት ያሰማችን መዝሙር ግን… እዚህ ቤት አይታወቅም ማለት ነው?»

«አቦ ገብረወልድ!» አለች ፋዱማ ቶሎ ብላ። «ልጅ ናት፣ ከመንገድ ሰምታ ነው። ወላሂ የኔ ልጆች የሕንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ሕንድ ነን እንዴ?»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ገብረወልድም ፈገግ አለ። «በለጠችን ነው የጠየቅኋት» አለ።

ሰውየው መውጫውን ከፍቶላታል። «አይታወቅም» ማለት ብቻ ነው። እናቴ እጄን ጨብጣ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ደረሰች። በለጠች አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ልጇን አየች። ዘነበች እናቷን ሽቅብ እያየቻት ነበር፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

«ይታወቃል» አለች በለጠች። «ከእኔ ነው የተማረችው።»

ዘመረችው ደግሞ! በለጠች ድምፅ የላትም፤ እግዜር ለመርፌ እንጂ ለመዝሙር አልፈጠራትም። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሲቆረጥ ዘነበች ተቀበለቻት። በተከፈተው መስኮት እስከ ባቡር ጣቢያው መንገድ ሳይሰማ አልቀረም። ገብረወልድ አንገቱን ደፍቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ነጠላሽን ልበሺ» አላት በመጨረሻ። ጠባቂዎቹ መሐላቸው አድርገው ወሰዷት።

እኔ ተናደድኩ። ደሜ ፈላ። ዘነበች ከእናቴ ጋር ስትተኛ፣ ፋዱማ ጸጉሯን ስትሠራት ባየሁ ቁጥር በለጠችን ረገምኳት። አንዲት «አይታወቅም» ምን ነበረባት? ልጅ ያለ እናት ያለ አባት አስቀርቶ መዝሙር ምን ይሠራል? እግዜርስ ቢሆን ልብን አይቶ ይምር አልነበር?

ወራት አልፈው ስንቅ ሳደርስ፣ የከፍተኛ አስተዳደሩ እስር ቤት ደጃፍ ላይ ከበለጠች ጋር ተገናኘን። ከስታለች፣ ዓይኗ አብጧል። ንዴቴን አልደበቅኋትም።

«ያን ቀን ደስ ብሎሽ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ የት አባቱ!» አለች። «ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። እዚህ ደስ የሚል ነገር ምን አለ? ልጄ በናፈቀችኝ ቁጥር አለቅሳለሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ግን ‹አይታወቅም› ብዬ ሣህሉ ቢመጣ፣ ያ ሁሉ ደስታ ቤቴ ቢገባ፣ ልጄን እንዴት አድርጌ አያታለሁ? ያቺን ሐሴት መልሼ አላገኛትም። አሁን ግን እዚህም ከእኔ ጋር ናት። እኔ አላመጣኋት፣ እነሱም አይወስዷት።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣህሉ በወንዶቹ በኩል ነው፣ ተገናኝተን አናውቅም። በእኔ ምክንያት እንደቀረ ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን? ይቅር ባይለኝ አልፈርድበትም።»

እኔም ያን ጭንቀት ተሸክሜ ተመለስኩ። ሣህሉን አውቀዋለሁ፤ ዝምተኛ ነው፣ ቂም ቢይዝ እንኳ አያስታውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሣህሉ ቀድሞ ተፈታ። ጸጉሩ ሸብቶ፣ ትከሻው ወርዶ መጣ። እናቴ ልታስረዳው ብትሞክር፣ «እሷ ስትመጣ» ብሎ ዘጋት። ቀን ከሌት የሚሠራው ዘነበችን ማቀፍ ብቻ ሆነ። ልባችን ተሰቀለ።

በለጠች የተፈታች ቀን ግቢው በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። በሩን አልፋ ገባችና ሣህሉን ስታየው ቆመች። ዘነበችን እናቴ ይዛት ነበር። በለጠች ቀስ ብላ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ይቅር በለኝ፣ ሣህሉ» አለች። «‹አይታወቅም› ብል ኖሮ ትፈታ ነበር፤ በእጄ ነበርክ፣ እኔው ለቀቅኩህ።»

ሣህሉ አነሣት። እንደዚያ ብዙ ሲናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የልጃችን ልደት ዕለት ጠዋት ጠሩኝ» አላት። «‹ሚስትህ ዛሬ ከጴንጤዎቹ ተለያይታለች፤ አንተም ማታ ሰው ፊት ቆመህ ከጴንጤ ተለያይቻለሁ በልና ነገ ቤትህ ግባ› አሉኝ። እሺ አልኳቸው፣ በለጠች። አልዋሽሽም፣ እሺ ብዬ ነበር። ቤቴ ናፍቆኝ፣ ያንቺ ድምፅ ናፍቆኝ፣ የምናገረውን ቃል ስለማመድ ዋልኩ። ከሰዓት የግቢው በር ተከፈተ፤ በቀዳዳ ሳይ አንቺ ገባሽ። ጠባቂ ከኋላሽ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ።»

 ፋዱማ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ሚስቴ ታሰረች፣ ልጄ ብቻዋን ቀረች። ያን ቀን ደስ የሚል አንድም ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ግድግዳውን ይዤ እያለቀስኩ ሳቅሁ። አጠገቤ ያሉት አበደ አሉ። ያን ሰዓት የተሰማኝን ያህል ሐሴት፣ ከተወለድኩ ተሰምቶኝ አያውቅም። ማታ ጠርተው ሲጠይቁኝ፣ የተለማመድኩት ቃል ጠፋኝ።»

በለጠች ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም ጀርባዋን እየዳበሰ፣ «‹አይታወቅም› ብለሽ ቢሆን ኖሮ» አላት፣ «ሁለታችንም በማግሥቱ እቤታችን ነበርን። ቤት የምንገባው ሰዎች ግን እነማን እንደምንሆን እንጃ።»

እናቴ ዘነበችን ለቀቀቻት፤ ልጅቷም ሮጣ ወደ እነሱ ሄደች።