ለውሻ የተገዛ ጩቤ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤዛ በስልኬ ሦስት ፎቶ ላከችልኝ። ሦስቱም የጩቤ ፎቶ ናቸው። አንደኛው የቀንድ እጀታ አለው፣ ሌላው የእንጨት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከውጭ የመጣ የሚመስል፣ ጥቁር የላስቲክ ሰገባ ውስጥ የገባ ነው። ከሥሩ «አባዬ፣ የቱን ልግዛ? ውሾቹ አላስገባ ብለውኛል» ብላ ጽፋለች። ቤዛ ከዳባት ወጣ ባለ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ብዙም አልቆየችም። ሥራዋ ቤት ለቤት መዞር ነው። ገበሬው የላሙንና የበጉን ሕመም ሊያማክራት ይፈልጋል፤ ውሻው ግን ይህን የነገረው የለም።

እኔ ደባርቅ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ የጧት ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። የደባርቅ የጥቅምት ፀሐይ ቀልደኛ ናት፤ ፊትን ታሞቅና ጀርባን ለብርድ ትተዋለች። መነጽሬን ጠርጌ ፎቶዎቹን በጣቴ እያሰፋሁ አየኋቸው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ፈራሁላት። ያንኑ የዳባትን ገበያ፣ ያንኑ «የቱን ልግዛ» የሚል ጭንቀት እኔም በእሷ ዕድሜ አልፌበታለሁ። ለልጆቼ ግን አውርቼላቸው አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ርቃ ወደ ገደሉ አፋፍ በተጠጋች ትምህርት ቤት ስመደብ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ይታይሽ ትባላለች፤ እጇን ከማንሣቷ በፊት መልሱ ከአፏ የሚያመልጣት ልጅ ናት። ትምህርት በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ይታይሽ ቀረች። በዚያ ጊዜ በዚያ አገር አንድ ዓመት ከትምህርት የቀረች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የምትገኘው ባሏ ቤት ነው። ርእሰ መምህሩ «ሄደህ ወላጆቿን አነጋግር» አሉኝና ተነሣሁ።

የደጋ ውሻ የሚገርም ፍጡር ነው። ቀን አመድ ላይ ተጋድሞ ስታዩት ዝንብ እንኳ የሚያባርር አይመስልም። የማያውቀው እግር አጥሩን ሲጠጋ ግን ያ ሁሉ እንቅልፍ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። ስለዚህ የአገሩ ሰው ወደ ሰው ቤት ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ራቅ ብሎ ይቆምና ድምፁን ጎትቶ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላል። ከቤት አንድ ሰው ይወጣል፣ ውሻውን በስሙ ይጠራል ወይም አንገቱን ይይዛል፣ እንግዳው ይገባል። ለእኔ ለከተማው ልጅ ይህ ነገር አሳፋሪ ነበር። ኮት የለበሰ አስተማሪ ማሳ መካከል ቆሞ እንደ እረኛ ይጮሃል? እነይታይሽ ቤት አጠገብ ደርሼ የቢሮ በር የማንኳኳ ያህል፣ ለስለስ አድርጌ «ውሻ ያዙ» አልኩ። ከቤት ማንም አልሰማኝም፤ የሰሙኝ ውሾቹ ብቻ ናቸው።

ባቴን ተነክሼ፣ ሱሪዬ ተቀዶ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ለማንም ሳልናገር በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ። ያኔ የእብድ ውሻ መርፌ የሚወጋው ሆድ ላይ፣ እምብርት ዙሪያ ነበር። ጎንደር ወርጄ ተወግቼ ስመለስ ውሻ በጮኸ ቁጥር የሚያመኝ ባቴ ሳይሆን ሆዴ ሆነ። የይታይሽ ወንበር አሁንም ባዶ ነው። ደግሜ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን እሺ አላለኝም። ታጥቄ ከሄድኩ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩና ጩቤ ለመግዛት ቆረጥኩ።

አብሮኝ ቤት የተከራየው መምህር አስማረ ሐሳቤን ሲሰማ «ውሻውም ሰምቶ ጩቤ እንዳይገዛ ተጠንቀቅ» አለኝ። ይስቅ እንጂ እኔ ጉዳዩን እንደ ጥናት ያዝኩት። በገበያ ቀን ዳባት እሄድና ሸህ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ጆንያ አንጥፈው ማጭድ፣ ሞረድና ቢላዋ ከሚሸጡበት ጥግ እቆማለሁ። እያነሣሁ እመዝናለሁ፣ ስለቱን በጥፍሬ እሞክራለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ለምንድን ነው የፈለግኸው?» አሉኝ።

ለውሻ ማለት አፈርኩ። «ለበግ።»

«ለበግማ ካራ ነው። እንካ።»

ካራው ክንድ ያህላል፣ ሰገባ የለውም። «ይሄን መታጠቅ ይቻላል?»

«በጉን ልታርደው ነው ልትዘምትበት?»

በአጠገባችን ጨው የምትሸጥ ሴት ከት ብላ ሳቀች። እውነቱን ተናገርኩ። ሸህ ኑሩ አልሳቁም፤ ጢማቸውን ይዘው ከልባቸው አሰቡበት። ሰንጢ አወጡና ተዉት፤ እውነትም ውሻ ባትህን ይዞ ሰንጢ በጥፍር ሲከፈት አይታየኝም። ከዚያ የቀንድ እጀታ ያለው፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ጩቤ ከቆዳ ሰገባው ጋር አቀበሉኝ። «ውሻ ብረት ይሸተዋል። ይሄን የታጠቀ ሰው አጠገብ አይደርስም፣ ወላሂ!» አሉ። እኔም ገዛሁት።

ይህ የብረት ሽታ ነገር ግን ከነከነኝ። ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ የማይጠፋ አንድ ቀይ ውሻ ነበርና ጩቤውን ከነሰገባው ወደ አፍንጫው ዘረጋሁለት። አሸተተ፣ አሰበ፣ ከዚያ ሰገባውን ይልሰው ጀመር። ለካ ቆዳው እንዲለሰልስ በሞራ ታሽቷል። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ አየንና ተመልሶ ገባ።

ሌላም ችግር መጣ። በዚያ ብርድ ሰው ያለ ጋቢ አይንቀሳቀስም፤ ጩቤው ከጋቢ ሥር ከሆነ ደግሞ እስክትገልጠው ድረስ ውሻው ሥራውን ይጨርሳል። ክፍላችን ውስጥ ግድግዳውን ውሻ አድርጌ በግራ ታጠቅሁ፣ በቀኝ ታጠቅሁ፣ መዘዝኩ፣ ከተትኩ። አስማረ አልጋው ላይ ተቀምጦ ገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ፍርድ ይሰጣል። በመጨረሻ ጋቢዬን አጣፍቼ ቀበቶዬን ከላይ አሰርኩና ጩቤውን ከሩቅ እንዲታይ አድርጌ ሻጥኩት። ከነገሩ ሁሉ የገረመኝ ወገቤ ነው፤ ጩቤው ሲነካው ቀጥ አለ። ደረቴም እንደዚያው።

የሄድኩት በአንድ ቅዳሜ ጧት ነው። ገብሱ መቅላት ጀምሯል፣ ባቄላው ገና እሸት ነው። ከገደሉ ሥር ጉም እየተነሣ ማሳውን ይሸፍንና ይገልጣል። እግረ መንገዴን እሸት ቀጥፌ እየፈለፈልኩ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ፉጨት ሞክሬያለሁ። እነይታይሽ አጥር አጠገብ ስደርስ ቆም አልኩ። መጣራት ያለብኝ እዚያ ነው። አልተጣራሁም። የታጠቀ ሰው ምን ያስጮኸዋል? እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ወደ ግቢው ገባሁ።

አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ። ረፋድ ሆኖ፣ ጭሱ ከጣሪያው እየወጣ፣ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። በዚያ አገር በጠራራ ቀን በሩን የሚዘጋ ቤት የለም። ግን ዓይኔ የሚፈልገው ውሾቹን ነው፤ እነሱም አላሳፈሩኝም። ሁለቱም ከጭድ ክምሩ ኋላ ወጡ። ጩቤዬን መዘዝኩ። ያን ጊዜ ነው ጩቤ ለውሻ ያለውን ጥቅም የተረዳሁት፤ ምንም። አንዱ ከፊቴ ሆኖ ያጓራል፣ ጩቤው ግን እሱ ጋ አይደርስም። ሌላው ከኋላዬ የጋቢዬን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ጎንበስ ስትል ውሻ ይሸሻል ይላሉ፤ እኔ ጎንበስ ስል እንዲያውም ቀረቡኝ።

ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ «ኸረ መጡብን! መጡብን!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከክምሩ በስተጀርባ የጠመንጃ መቀርቀሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ቁም! ማነህ አንተ?»

ሰውዬው አይታየኝም። ስሜን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስሜ ግን አልወጣም። ውሻው ጋቢዬን ይዞ ወደ ታች ሲስበኝ ከሆዴ፣ ያ ሁሉ መርፌ ከተሰካበት ቦታ፣ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀው ጩኸት ወጣ።

«ውሻ ያዙልኝ! ኧረ በማርያም ውሻ ያዙልኝ!»

ገደሉ ድምፄን መልሶ አመጣው። ቀጥሎ ከቤት የልጅ ድምፅ «አባ! እንዳትተኩስ፣ መምህራችን ነው! ድምፁ ነው!» አለ። ከክምሩ ኋላ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት አዙሮ ብቅ አለ። «ቡላ! ና ወዲህ!» ሲል ውሾቹ ጅራታቸውን እየቆሉ ወደ እሱ ሄዱ። እኔ ጩቤዬን ጨብጬ፣ አንድ ትከሻዬ ከጋቢ ተራቁቶ፣ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ።

ሰውዬው የይታይሽ አባት አያ ፈንቴ ናቸው። ጩቤውን ከእጄ በቀስታ ወስደው ሰገባው ውስጥ ከተቱና ቤት አስገቡኝ፤ በእንግዳ ደንብ ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልን። አያ ፈንቴ ጣሳውን አነሡና ሳይቀምሱት መልሰው አስቀመጡት።

«መምህር» አሉ፣ «ጣቴ ቃታው ላይ ነበረ።»

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ መጤ ስለሆንኩ ማንም ያልነገረኝን ነገር ያኔ ሰማሁ። ታናሽ ወንድማቸው በማሳ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሎ ወደ ቆላ ወርዷል። እርቁ ገና አላለቀም። የሟች ወገኖች ወንድሙን ባያገኙ እሳቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ አያ ፈንቴ ከግቢ አይወጡም። የደም ብቀላ ሴትን አይነካምና ገበያውም፣ ወፍጮውም፣ ከብቱም በእናቲቱና በይታይሽ ላይ ወድቋል። ይታይሽ ከምሰሶው ጥግ ቆማ ታየኛለች፤ እጇ በማጭድ ተልጧል።

«ታዲያ ምነው ሳይተኩሱ ቀሩ?» አልኳቸው። የምጠይቀው ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማወቅ ፈለግሁ።

አያ ፈንቴ ምሰሶው ላይ ወዳለው ጩቤ አመለከቱ። «ወጣት ነው፣ አላውቀውም፣ ጩቤ በግላጭ ታጥቋል፣ ሳይጣራ ገባ። በቃ፣ መጡ አልኩ። ከዚያ እርስዎ ውሻ ያዙልኝ ሲሉ እጄ ከዳኝ። ሊገድል የመጣ ሰው ባለቤቱን ውሻ ያዝልኝ ብሎ ይለምናል? የሚለምን እንግዳ ነው።»

ልቤ መምታት የጀመረው ይህን ስሰማ ነው። ግቢው ውስጥ የፈራሁት ውሻውን ብቻ ነበር። አሁን ግን የእናቴ ፊት መጣብኝ። ባለቤታቸው አይተውኝ ኖሮ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አምጥተው «ብላ ልጄ፣ ብላ፣ አለፈ» አሉኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ድንች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልበላሁም።

ይታይሽን ወደ ትምህርት ቤት መልሱ ለማለት አንደበት አልነበረኝም። እሷ ካልቻለች እኔ ልምጣ አልኩ፤ አባቷም ተስማሙ። ጩቤውን እዚያው ምሰሶው ላይ ትቼው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው የሳምንቱን ትምህርት ይዤ ወደ እነሱ እሄዳለሁ። ከማሳው ጫፍ፣ ቤቱ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳይታየኝ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» እላለሁ። ከጉሙ ውስጥ ይታይሽ «ይዘናል! ይግቡ!» ትለኛለች። አያ ፈንቴ ድምፄን ለይተው ስለሚያውቁት አንድ ቀን «ዛሬ ድምፅዎ ቀጠነብኝ፣ ጉንፋን ይዞዎታል?» አሉኝ። እውነትም ይዞኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ልጅቱ በእናቷ ታጅባ መጥታ ተፈተነች፤ አለፈችም። እርቁ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ሳስበው የሚደንቀኝ ስንት ሳምንት ያን ጩቤ እንዳጠናሁት ነው። ለእጄ ይመች እንደሆነ፣ ለወገቤ፣ ለጋቢዬ፣ ለውሻው ጭምር መርምሬያለሁ። ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ለሚያየኝ ሰው ምን እንደሚመስል ግን አንዴም አልጠየቅሁም። ያን ዘመን ክፉ ነበር ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ዛሬም ሰዉ በሩን ዘግቶ የሚውልበት፣ እንግዳ ሲመጣ በቀዳዳ የሚያይበት ጊዜ ነው። ልጄ የምትዞረው በእነዚያ ደጆች ነው።

መልስ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ደወልኩላት።

«ቤዛ፣ ሰው ግቢ ስትገቢ ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ አባዬ? ዝም ብዬ እገባለሁ። ለዚህ እኮ ነው ጩቤው።»

«እስቲ አሁን ውሻ ያዙ በዪኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ምሥጢር «ውሻ ያዙ» አለች። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ የበላኝ መሰለኝ።

«አልሰማሁሽም። ጮክ በዪ።»

«አባዬ፣ ቢሮ ነኝ! ሰው አለ!»

«ሰው ይስማሽ። ጮክ በዪ!»

ባለቤቴ ምን ሆነ ብላ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቤዛ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማኛል። ከዚያ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብላ ስትጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ከቢሮዋ የሰዎች ሳቅ ተከተለ፤ አንዱም «ይዘናል፣ ግቢ!» ሲላት ሰማሁ።