በልጄ ኮምፒዩተር የተሰላው የአምባሰል ውሃ

የቤት ኮምፒዩተር የመሐንዲስን ሥራ አይችልም ይባላል። ይችላል። እንዲያውም ከውዱ ማሽን ጋር እኩል ሲሳሳት አይቻለሁ።

ሐይቅ ከተማ በሚገኘው የውሃ ቢሮ ሥራ በጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ይመር መጀመሪያ ያስተዋወቁኝ ከሰው ጋር አልነበረም። ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ማሽን ነበር፤ ለምሕንድስና ስሌት ብቻ የተሠራ ዎርክስቴሽን። «ይህ ከእኔም ከአንተም የተሻለ የተማረ ነው» አሉኝ። ጨርቁን ገልጠው እንደ ሙሽራ አሳዩኝና መልሰው አለበሱት።

የለውጡ ዓመታት በስብሰባ አለፉ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከስደት ስንመለስ ቢሮው በር አልነበረውም፤ ማሽኑም የለም። ጨርቁ ብቻ ወለሉ ላይ ተጥሎ ነበር። አቶ ይመር አንስተው አራገፉት፣ በጥንቃቄ አጠፉት፣ ብብታቸው ሥር ይዘውት ወጡ።

በዚያው ሰሞን በአምባሰል ተዳፋት ላይ ላለች አንዲት መንደር የምንጭ ውሃ የሚያወርድ መስመር እንድነድፍ ታዘዝኩ። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ገደል ይወርዱ ነበር። ቧንቧው ተገኝቷል፤ ንድፉ በወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ግን ለሌላ ወረዳ ይሰጣል ተባለ። መስመሩን ቀይሼ፣ ችካል አስተክዬ ወረድኩ።

የቀረኝ ማሽን ልጄ ሰሚራ የትምህርት ቤት ሥራዋን የምትሠራበት ኮምፒዩተር ነበር። መስመሩን በሙሉ ስሰጠው ደርቆ ቀረ። ሦስት ቦታ ቆረጥኩት፤ የአንዱን ክፍል መጨረሻ ግፊት ለሚቀጥለው መነሻ እያደረግኩ አሰላሁት።

«አባዬ፣ አታስጨንቀው» አለችኝ ሰሚራ። «እሱ የለመደው ድርሰት ነው።»

ውጤቱን አዲስ አበባ ላለ፣ ዎርክስቴሽን ላለው ወዳጄ ላክሁለት። አስልቶ ደወለ።

«የእኔ ዐሥር ሰከንድ ፈጀበት። ያንተስ?»

«ምሳ በልቼ ስመለስ ጨርሶ ነበር።»

ቁጥሩ ግን አንድ ሆነ። ለአንድ ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

የቧንቧውን ቦይ ቁፋሮ ለማስጀመር ስወጣ ችካሎቹ የተከልኩበት ቦታ አልነበሩም። ቆፋሪዎቹን የሚያስተባብሩት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሼህ ሰይድና ቄስ ደምሴ።

«ማን ነው ችካሉን ያነሳው?»

«እኛ ነን» አሉ ሼህ ሰይድ። «እዚህ ምልክት የሌለው የክርስቲያን መቃብር አለ። በጎረቤት አጥንት ላይ ቧንቧ አናሳልፍም። ወላሂ ነውር ነው።»

ቄስ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኛም ወዲያ ማዶ መስመሩን ከእናንተ መቃብር አዙረናል።»

«መቼ?» አሉ ሼህ ሰይድ።

«በዚያው ሳምንት።»

«ታዲያ አይነግሩንም?»

«እናንተስ ነግራችሁናል?»

ሁለቱ ዙሮች ተደምረው መስመሩን ጉብታ ላይ አውጥተውታል። ለካሁት፤ ጉብታው ከምንጩ ከፍ ይላል። ሁለቱም ማሽኖች የተስማሙት አንድም ችካል ስላልቀረለት መስመር ነበር። ወደ ድሮው ልመልሰው ብል ማንም ዶማ አያነሳልኝም። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም መቃብር በታች፣ በቦረቦሩ ጠርዝ ሌላ መንገድ አሳዩኝ። አብረን ሄድነው፤ ቄሱ የመለኪያ በትር ያዙልኝ፣ ሼሁ ሜትር ጎተቱልኝ።

የቀረኝ ሦስት ቀን ነው። ወዳጄ ጋ ደወልኩ። «የፈረሱ ድልድዮች ወረፋ ይዘውታል፤ ሳምንት ጠብቅ» አለኝ። ወደ ሰሚራ ኮምፒዩተር ተመለስኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሥራው ሦስት ቦታ የተቆረጠ ስለነበር የጠፋብኝ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያው ቀጠልኩ። ንድፉ በቀኑ ደረሰ፤ ቧንቧውም መጣ።

ቦኖው ሲከፈት መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። ሼሁና ቄሱ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ» ሲባባሉ አንዲት ሴት በመካከላቸው አልፋ ጀሪካኗን ደቀነች።

ግድብ በቤት ኮምፒዩተር አልነድፍም፤ ዕድሜዬ አይበቃም። ለመንደር መስመር ግን ይበቃል። ችካል ሲነቀል የሚያይ ማሽን ደግሞ ገና አልተሠራም።

ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ፣ የተሻለ ኮምፒዩተር ይገዛልኝ የሚለውን ማመልከቻህን አስቀምጥና መስመርህን ዛሬ በእግርህ ሂድ።