ዥንጉርጉሩ ጌሾ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነበር። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ቁጥቋጦ ነው። መካነ ሰላም የሚያስተምረው የኮሌጅ ባልንጀራዬ ሰይድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጓሮ ውስጥ ከፊል ቅርንጫፉ ወተት የመሰለ፣ ከፊሉ አረንጓዴ የሆነ ጌሾ ማየቱን በስልክ ነግሮኝ ነበር። የሞባይል መስመር ወደዚያ አገር ከገባ ገና ብዙ አልቆየም፤ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ የማጠናው እንዲህ ያለውን ለውጥ ስለሆነ፣ ያ ጌሾ ከተገኘ የጥናቴ መሠረት ይሆናል። «ባለቤቶቹን ነጩን እንዳይነኩብኝ ንገርልኝ» አልሁት። በዚያን ጊዜ በቂ አደራ መስሎኝ ነበር።

ከደሴ በኋላ

አውቶቡሱ ከደሴ ወጥቶ ጉጉፍቱ ሲደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሁላችንንም አኮማተረን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ሊደርስ የተቃረበ ገብስ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከጅዳ የተመለሰች ወጣት ትልልቅ ሻንጣዎች ነበሩ፤ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እየተነሣች ታዳምጣቸዋለች።

«ልጄ፣ ወደኛ አገር በምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት።

«ጌሾ ለማየት ነው አባ።»

«ኧረ! አዲስ አበባ ጌሾ ጠፋ? ጠላው በምን እየተጠመቀ ነው ታዲያ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አቀስታ ላይ ሽሮ በላን። መካነ ሰላም የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

እትዬ ብርቄ ቤት

በማግስቱ ከሰይድ ጋር በእግር ሄድን። የጌሾው ባለቤቶች እትዬ ብርቄና ባላቸው ጋሽ ተሰማ ደጅ ወጥተው ተቀበሉን። ወደ ጓሮው ላመራ ስል እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ፤ እንግዳ አፉን ሳያሟሽ ወደ ጓሮ አይሄድም። ለሰይድ ወተት፣ ለእኔ ጠላ ቀረበ።

«ጠጣ እንጂ፤ ትመጣለህ ሲሉኝ ላንተ ብዬ የጠመቅሁት ነው» አሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ጠጋ አሉ። «ያ ቅጠል ምን ሆኖ ነው የነጣው? ለምጥ ያዘው?»

ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርሁ። በቅጠል ውስጥ በዓይን የማይታዩ አረንጓዴ ጓዳዎች እንዳሉ፣ ክሎሮፕላስት እንደሚባሉ፣ የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጁት እነርሱ እንደሆኑ፤ በተፈጥሮው ላይ ሚውቴሽን የሚባል ድንገተኛ ለውጥ ሲደርስ ግን ጓዳዎቹ ሳይበስሉ፣ ባዷቸውን እንደሚቀሩ ተናገርሁ። «ነጩ ቅጠል ለራሱ ምግብ መሥራት አይችልም። ፀሐዩም ይጎዳዋል።»

«ታዲያ ምን በልቶ ይኖራል?»

«አረንጓዴው ያበላዋል። አረንጓዴው ከሌለ ነጩ ይሞታል።»

እትዬ ብርቄ ሊጨምሩልኝ ያነሡትን ማሰሮ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጋሽ ተሰማ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያም እጄ ላይ ያለውን ዋንጫ።

«አይ እንግዲህ» አሉ፤ «አረንጓዴውን እኮ ጠጣነው።»

ጓሮ ወጣን። አረንጓዴዎቹ ቅርንጫፎች ከሥራቸው በማጭድ ተቆርጠዋል። ነጮቹ አንድም ሳይነኩ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ግን ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በሌላ ጌሾ ላይ ቀጥዬ ለማጽደቅ የሚሆን እርጥብ ቦታ ባገኝ ብዬ ልጣቸውን በጥፍሬ ፋቅሁ፤ ደርቋል።

«ነጩን አትንኩ አላችሁ፤ አልነካንም» አሉ እትዬ ብርቄ። «እንግዳዬ ሊመጣ፣ ጓሮዬ ጌሾ እያለ በገበያ ጌሾ ልጠምቅ ኖሯል?»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ወላሂ የኔ ነው። ከነጩ ሌላ ምንም አልነገርኋችሁም» አለ ሰይድ።

«አብሽር፣ ይኸው እያቆጠቆጠ ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ ወደ ሥሩ እያመለከቱ። እውነት ነው፤ ከጉቶው ለምለም ቅጠል ወጥቷል። ተንበርክኬ አንድ በአንድ አየሁት። ሁሉም ጤነኛ አረንጓዴ ነበር።

ቤት ስንመለስ ላጽናናቸው ብዬ ዋንጫዬን ዘረጋሁ። እትዬ ብርቄ አልቀዱልኝም። «ተወው ልጄ፤ ቅር እያለህ አትጠጣ።»

መልስ

አዲስ አበባ የገባሁት ጥቂት የደረቁ ነጭ ቅጠሎች ይዤ ነው። የሞተ ቅጠል ላይ የሚለካ የምግብ ዝግጅት የለም፤ ጥናቴን በሌላ ተክል ለመቀጠል ተገደድሁ። ሰይድ ጥፋቱን ለራሱ ቢወስድም፣ ነጩ በምን እንደሚኖር ከሁላችን አስቀድሞ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ የላክሁት ግን የማውቀውን ግማሽ ነው። ሰዎቹ ግማሿን ቃል ሳያጓድሉ ፈጸሟት።

ከወር በኋላ ሰይድ ደወለ። ጌሾው ከጉልበት በላይ አድጓል፤ እትዬ ብርቄ ግን አንዲት ቅጠል አልቀጠፉም። ለጠላቸው ከገበያ እየገዙ፣ ነጩ ተመልሶ እስኪወጣ ይጠብቁልኛል።

«ከእንግዲህ ይነጣል ብዬ አላስብም» አልሁት።

«እንዲህ ብሏል ብዬ ልንገራቸው?»

«አትንገራቸው» አልሁት። «እኔው እመጣለሁ።»