የአጫጆቹ ባንዲራ

ዛሬ ጠዋት ገመድ ላይ ያሰጣሁትን አንሶላ የኮኪት ቆላ ንፋስ እያማታ ጧ ጧ ሲያደርገው፣ እኔ ጉድ፣ መርፌዬን ጥዬ ብድግ አልሁ። ስንት ዘመን አለፈ፣ አሁንም ያ ድምፅ የአጫጆቹ ባንዲራ ይመስለኛል።

ባንዲራ ስል የመንግሥትን እንዳይመስላችሁ። ያኔ ገና ልጃገረድ ሆኜ እዚሁ መንገድ ዳር በስፌት መኪና ልብስ እጠግን ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ አጫጁ ይጎርፋል። አገሩ ሜዳ ነው፤ የሚያድሩበት ራኩባም ሁሉም አንድ ዓይነት የሣር ዳስ ስለሆነ፣ ሲመሽ ሰው የራሱን ያጣዋል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቡድን ባንዲራ አሰፍቶ ራኩባው ላይ የሚሰቅለው። ጨርቁን የሚያዋጡት ራሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ካመጣው ልብስ አንድ ቁራጭ ይሰጣል። የልጅ ቀሚስ፣ የሟች አባት ጋቢ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ስንቱ በእጄ አልፏል መሰላችሁ።

ከወሎ በመጣው ቡድን ውስጥ አንድ ረጅም ልጅ ነበር። ያዋጣው ከእናቱ ነጠላ ጫፍ የተቀደደ አረንጓዴ ጥለት ነው።

«አደራሽን አጥብቀሽ ስፊው፤ እናቴ ናት» አለኝ።

«እናትህን ንፋስ አይወስዳትም፣ አትፍራ» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ከደጄ አልጠፋ አለ። ያችኑ ሸሚዙን ጠግኜ ስሰጠው፣ በሰንበት ሌላ ቦታዋ ተቀድዳ ትመጣለች።

«አንተየ፣ እሾህ ነው ወይስ አንተው ነህ የምትቀድዳት?»

ይስቃል። ጎንበስ ብሎ ሲስቅ ከትከሻው የደረቀ ሰሊጥ ሽታ ይመጣል። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ፣ «ሰሊጡ ታጭዶ ይለቅና የምነግርሽ አለኝ» አለኝ። እኔም መስማት ፈልጌ ነበር። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እወደው ነበር።

ሰሊጡ ሳያልቅ ወባ ጣለው። በትራክተር ተሳቢ ጭነው ሸሕዲ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እዚያው ቀበሩት።

ቡድኑ ወደ አገሩ ሊገባ ሲል የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ባንዲራውን ጠቅልለው መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«የልጁ ልብስ የለበሰው ብቻ ነበር፤ አብሮት ተቀበረ። እናቱ ለቅሶ ላይ ይዛ የምታለቅስበት ነገር የላትም። የሱን ቁራጭ ፍቺልኝ።»

በምላጭ ፈታሁት። አጥብቄ መስፋቴን እየረገምሁ፣ ክሩን አንድ በአንድ በጠስሁ። ሳበቃ ባንዲራው መሐል ላይ ቀዳዳ ቀረ። ካቦው «ይሁን፣ ተይው» አሉኝ። እኔ ግን አልቻልሁም። ሻሼን ከራሴ ላይ አውልቄ፣ ከሱው ቆርጬ ቀዳዳው ላይ ሰፋሁበት። ካቦው አዩኝ። ባንዲራውንም ጥለቱንም ይዘው ሄዱ።

አሁን አጫጁም ቀንሷል፣ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። የሚመጡትም ቢሆኑ ራኩባቸውን የሚፈልጉት በስልክ መብራት ነው። ባንዲራ የሚያሰፋ የለም።

ያኔ ግን በዓመቱ ካቦው ተመልሰው መጡ። ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ስፈታው ያ አረንጓዴ ጥለት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ።

እናቱ ለቅሶው ላይ ባንዲራውን ዘርግተው ሲዳስሱ ሻሼ ላይ ደረሱ አሉኝ። «ይችስ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። አጫጆቹ ሁሉ አቀረቀሩ። እናቱ ይዘው ሲያለቅሱበት የነበረውን ጥለት ከመሐሉ ቀደዱት።

«ይኼን ለዚያች ልጄ ስጡልኝ፤ ባዶ እጇን አታልቅስ።»

ልጄ አሉኝ። አይተውኝ አያውቁም፣ እኔም አይቻቸው አላውቅም። ሰሊጡ ሲያልቅ እሱ ሊነግረኝ የነበረውን፣ እሳቸው ነገሩኝ።