ሰአዳ ከርብ ውሃ ጋር ስትሽቀዳደም

ወረታ ገብታችሁ የጨርቅ ነጋዴው የመሐመድዘይን ልጅ ሰአዳ የት ናት ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ሥራዋ ግን ጨርቅ አይደለም፤ ርብ ወንዝ መቼ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚወጣ በኮምፒውተር ታሰላለች። ስሌቱ ከባድ ስለሆነ አዲስ አበባ ባሉ፣ አንድ ላይ በተሳሰሩ ብዙ ማሽኖች ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙን የምትልከው በኮንቴነር ነው። በጎንደር መንገድ በመኪና የሚያልፈው የብረት ሳጥን እንዳይመስላችሁ! ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደ መንገደኛ ሰንቆ ይሄዳል፤ የትም ማሽን ላይ ቢያርፍ የሚጎድለው የለም።

አንድ ቀን የርብ መነሻ በሆነው በጉና ተራራ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ገበሬው አያ አንለይ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ላሜ ልትወልድ ደርሳለች። አሁን ዳገት ባስወጣት ጥጃው ይሞትብኛል። ብተዋት ደግሞ ውሃው አለ። ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እስከ ማታ ይጠብቁኝ፣ አያ።»

«ውሃውስ እስከ ማታ ይጠብቃል ወይ?»

ስሌቱ ይንፏቀቃል። የሥራ ጓደኛዋ ዘመነ ከባሕር ዳር ደውሎ ሳቀባት።

«ኮንቴነሩን ወዲያ ጣይው! ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክሞ መቼ ይሮጣል?»

«አንተ ደግሞ፣ ሳትለካ ትፈርዳለህ!»

ፕሮግራሙን ያለ ኮንቴነር በሁሉም ማሽኖች ላይ እንደ አዲስ ብትጭነው ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለካችው። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ስታሠራው በኮንቴነርም ያለ ኮንቴነርም ፍጥነቱ እኩል! ሁለት ማሽኖች ላይ ስታደርገው ግን ወዲያው ደከመ። ጓዙ አልከበደም ማለት ነው፤ የሚዘገየው ማሽኖቹ ሲነጋገሩ ነው። ለካ ማሽኖቹ በመካከላቸው የራሳቸው ፈጣን መስመር አላቸው፤ ኮንቴነሩ ይዞት የሄደው የመነጋገሪያ ፕሮግራም ግን ያንን መስመር አያውቀውም፣ በቀርፋፋው ይንገላታል። የራሱን ትቶ በማሽኖቹ የመነጋገሪያ ፕሮግራም እንዲጠቀም አደረገችው። በረረ!

የመጣው መልስ ግን የሚያስፈነድቅ አልነበረም። ውሃው ሳይነጋ የአያ አንለይን ግጦሽ ይሸፍናል። ማታ ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ ነገረቻቸው።

«አሁኑኑ ያውጧት፣ አያ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ስሌት እኮ ይሳሳታል። «እኔ ብሆን አወጣት ነበር» አለች።

ሽማግሌው ላሟን ሊያወጡ ሄዱ።

ሲነጋ ስልኳ ጮኸ።

«ውሃው መጥቷል» አሉ አያ አንለይ። «ላሟ ተርፋለች። ጥጃው መንገድ ላይ ተወልዶ ሞተ።»

ስሌቷ ልክ በመሆኑ ደስ ሊላት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አላህ ይተካልዎት፣ አያ።»

«አሜን። ውሃው አሁንስ ወዴት ነው የሚሄደው? ከእኔ በታች ያለው ጎረቤቴ በላቸው ከብቱን አላወጣም።»

ሰአዳ እንባዋን ጠርጋ ስሌቱን እንደገና አስነሳችው።